አንድም በመካከላችሁ፣ አንድም በውስጣችሁ

የዜና አጻጻፍ ስንጀምር ከተነገሩን ነገሮች አንዱ፣ ጥቅስ ከመውሰዳችሁ በፊት ተናጋሪው ለማን፣ ምን ተብሎ ሲጠየቅ እንደተናገረው እወቁ የሚል ነበር። ግማሽ ዓረፍተ ነገር ቆርጦ ርዕስ ማድረግ ቀላል ነው፤ በዚያው ሰውየውን ያላለውን ማስባልም እንዲሁ። ይህ ደንብ የሚሠራው ለፖለቲከኞች ንግግር ብቻ ነው ያለ ግን የለም። እኔ በዚህች ጽሑፍ ላይ የምሞክረው ይህንኑ ደንብ በአንድ የወንጌል ጥቅስ ላይ ነው። ጥቅሱን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን፤ ገልጠን ያነበብነው ግን ጥቂቶች ሳንሆን አንቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። «እግዚአብሔርን ውጪ አትፈልገው፣ ያለው እውስጥህ ነው» የሚል አነጋገር በግቢያችን ሳይሰማ የሚውልበት ቀን የለም። በየመንገዱ ከሚሸጡት የሥነ ልቦና መጻሕፍት አለ፤ በዶርም ክርክር አለ፤ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የሚፈላሰፍ ልጅም ይለዋል። የት ተጽፎ አየህ ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፤ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ቁጥር 21። እሺ ብላችሁ በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብትገልጡ ግን «በውስጣችሁ» የሚለውን ቃል አታገኙትም። እዚያ ያለው «በመካከላችሁ» የሚል ነው። ታዲያ «በውስጣችሁ» ከየት መጣ? ከመጽሐፍ ሻጮች ነው ወይስ ሥር አለው?

ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛው የኪንግ ጄምስ ትርጉም «በውስጣችሁ» ይላል። በ1946 የወጣው ሪቫይዝድ ስታንዳርድ ቨርዥን ደግሞ ወደ «በመካከላችሁ» ዞረ። የኒው ኢንተርናሽናል ቨርዥን አዘጋጆች ይባስ ብለው ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ በ1984ቱ እትም «በውስጣችሁ» የነበረውን በ2011 «በመካከላችሁ» አደረጉት። የሉተር ጀርመንኛም እንደዚሁ ነው፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ሉተር ራሱ የጻፈው ውስጥን የሚያመለክት ነበር፤ በ1984 የታረመው እትም መካከልን ያመለክታል። ላቲኑ ከጥንትም በውስጥ ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ሊቅ እየተመላለሰ የሚያርመው ቃል ተራ የትርጉም ስሕተት ሊሆን አይችልም ማለት ነው።

መነሻው የግሪኩ «ኤንቶስ» ነው። ይህ ቃል በአዲስ ኪዳን ውስጥ የሚገኘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው እዚሁ ሲሆን፣ ሁለተኛው በማቴዎስ ምዕራፍ 23 ቁጥር 26 ላይ ስለ ጽዋ መታጠብ በተነገረው ቃል ውስጥ ነው። እዚያ ትርጉሙ አያከራክርም፤ የጽዋው ውስጡ ማለት ነው። በሌላ በኩል ሉቃስ «መካከል» ማለት ሲፈልግ ቃል አላጣም። ሕፃኑ ኢየሱስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ መገኘቱን ሲጽፍ (2፥46)፣ ከትንሣኤ በኋላ በደቀ መዛሙርቱ መካከል መቆሙን ሲጽፍ (24፥36) «ኤን ሜሶ» የሚል ሌላ አነጋገር ነው የተጠቀመው። የግሪኩ መዝሙረ ዳዊትም «ኤንቶስ»ን ሲያመጣ ልብ በሰው ውስጥ ስለ መቃጠሉ፣ ሰው በውስጡ ባለው ሁሉ አምላኩን ስለ መባረኩ ሲናገር ነው። በነገራችን ላይ በዚህ በመጨረሻው ቦታ ላይ (መዝሙር 102፥1፣ በሌላው አቈጣጠር 103፥1) ግሪኩ «በውስጤ ያለው ሁሉ» ያለውን የእኛው አማርኛ «አጥንቶቼ» ብሎታል። ለእኔ ከግሪኩ ይልቅ የሚሰማኝ ይሄኛው ነው። ውስጥ ሲባል ሐሳብ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ አጥንት ሲባል ይገባዋል።

እስካሁን ያየነው ለ«በውስጣችሁ» የሚያደላ ነው። አሁን ግን የዜና ክፍሉ ጥያቄ ይመጣል፤ ለማን ተባለ? ቁጥር 20ን ስናነብ ጠያቂዎቹ ፈሪሳውያን ናቸው። የእግዚአብሔር መንግሥት መቼ እንደምትመጣ ጠየቁት። መልሱም ለእነሱ ነው። ወደ ደቀ መዛሙርቱ የሚዞረው ከዚያ በኋላ፣ በቁጥር 22 ላይ ነው። ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ጌታ ሲገሥጻቸው የኖሩትን፣ ውስጣቸው ቅሚያ የሞላበት እንደሆነ የነገራቸውን ሰዎች (በዚያው በሉቃስ ምዕራፍ 11 ላይ ማለት ነው) እንዴት መንግሥቱ በውስጣችሁ ናት ይላቸዋል? «በመካከላችሁ» የሚሉት ተርጓሚዎች ዋና ማስረጃቸው ይህ ነው። መንግሥቲቱ እናንተ ሳታውቁ መጥታለች፤ ንጉሡ ራሱ ፊት ለፊታችሁ ቆሟል፤ እናንተ ግን ገና መቼ ትላላችሁ ማለቱ ነው ይላሉ። ጠንካራ ክርክር ነው፤ የምሥጢር ንባብ የሚወድ ሰው ዘሎት ሊያልፍ አይገባም።

ሦስተኛም አለ። ኮሊን ሮበርትስ የተባለ የጥንታዊ ጽሑፎች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ጥናት ይህ የግሪክ ቃል በግብፅ በተገኙ የፓፒረስ ጽሑፎች ውስጥ «በእጅ ያለ፣ በሚደረስበት ቦታ ያለ» በሚል ስሜት እንደሚገኝ ተከራክሯል። እንደ እሱ አባባል መልሱ «ብትፈልጓት በእጃችሁ ናት» እንደማለት ይሆናል። የሚገርመው ከ1,500 ዓመት በፊት የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ የሉቃስን ወንጌል ሲሰብክ ለዚህ የቀረበ ነገር መናገሩ ነው። በውስጣችሁ ናት ማለት መቀበልና አለመቀበሉ በፈቃዳችሁ፣ በእናንተ ሥልጣን ነው ማለት ነው ብሎ ተርጉሞታል። በዚህ አተረጓጎም ለፈሪሳዊም ሊነገር ይችላል። ፈቃድ የሌለው ሰው የለምና።

ሌላም እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው የሚያመልጠው ነገር አለ። የእንግሊዝኛው «ዩ» አንድም ሰው ይሁን ብዙ አይታወቅበትም። ስለዚህ በየመጽሐፉ ያየነው «በውስጥህ» የሚል የነጠላ ምክር ከዚያ የተገኘ ይመስለኛል። ግሪኩ ግን ብዙ ቍጥር ነው፤ የእኛ «-ችሁ» ቁልጭ አድርጋ ታሳየዋለች። በውስጥህ አይደለም፤ በውስጣችሁ ነው። አንዲት ፊደል ለውጥ የምታመጣው ለዚህ ነው። ማንም ለብቻው ኪሱ ከትቶ ይዟት ሊሄድ አልተነገረውም።

ታዲያ የቱን እንምረጥ? በሌላ አገር ያለ ተማሪ ከሁለት አንዱን መርጦ ሌላውን ጥሎ ይሄድ ይሆናል። እኛ ግን ለዚህ ዓይነት ነገር የቆየ መሣሪያ አለን። በአብነት ትምህርት ቤት መጻሕፍት የሚተረጎሙት በአንድምታ ነው። መምህሩ ቃሉን ያነባል፣ ይተረጉማል፣ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል፤ ደግሞ «አንድም» ይላል። ሁለተኛው «አንድም» የመጀመሪያውን አያፈርሰውም። አጠገቡ ይቆማል። ተማሪውም የትኛው ለምን እንደተባለ አብሮ ይይዛል። ብዙዎቻችን አንድምታ ሲባል የድሮ የቃል ትምህርት ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን አንድን ምንጭ ከሁለት ወገን ሰምቶ ሁለቱንም መዝግቦ መያዝ ከሙያችን ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ልብ በሉ። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ እንግዲህ ይሄ ነው፤ «በውስጣችሁ» የሚለው ንባብ እውነተኛና ጥንታዊ ነው፣ ጤነኛ የሚሆነው ግን «በመካከላችሁ» ከሚለው ጋር በ«አንድም» ተያይዞ ሲቆም ነው።

ወደ ውስጥ የወረዱ ሰዎች ምን አገኙ?

በውስጥ ብለው ያነበቡት እነማን እንደሆኑ ስንጠይቅ ከቀደሙት መካከል የመነኮሳት አባት የሚባለውን ቅዱስ እንጦንስን እናገኛለን። የእኛም የምንኩስና ሐረግ ወደ እሱ ይቆጠራል። ታሪኩን የጻፈው የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ ፍሬምናጦስን (አባ ሰላማን) ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው እሱ ራሱ። እንደ አትናቴዎስ አጻጻፍ እንጦንስ በግብፅ ቋንቋ መነኮሳቱን ሲያስተምር ይህን የሉቃስ ቃል ያነሣል። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው። ግሪኮች ትምህርት ፍለጋ አገራቸውን ትተው ባሕር ይሻገራሉ፤ እኛ ግን ለመንግሥቱ አገር መልቀቅ፣ ለመልካም ሥራም ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን መፍቀድ ብቻ ነው። (ቄርሎስ በኋላ ካለው ጋር እንዴት እንደሚገጥም አያችሁ?)

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ብቻ ብናቆም የእንጦንስን ግማሽ ነው የያዝነው። 20 ዓመት ያህል በፈረሰ ምሽግ ውስጥ በሩን ዘግቶ ኖረ። ሰዎች በሩን ነቅለው ባወጡት ጊዜ ያልጠበቁትን አዩ፤ አልከሳም አልወፈረም፣ በሕዝቡ ብዛት አልደነገጠም፣ በአክብሮታቸውም አልተፈነደቀም። የታመሙትን ያጽናና፣ የተጣሉትን ያስታርቅ ጀመር። በንጉሡ በመክሲሚኖስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ311 አካባቢ፣ በክርስቲያኖች ላይ ስደት ሲነሣ ደግሞ በረሓውን ትቶ ወደ እስክንድርያ ወረደ። በማዕድን ቁፋሮ የተፈረደባቸውንና እስር ቤት ያሉትን አገለገለ። ባሕር መሻገር አያስፈልገንም ያለው ሰው ለታሰሩት ሲሆን ከተማ ገባ።

ሁለተኛው የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ነው፤ በ4ኛው መቶ ዓመት በዛሬዋ ቱርክ የኖረ። ስለ ብፁዓን ከሰበካቸው ስብከቶች በስድስተኛው የሚያስጨንቅ ጥያቄ ያነሣል። ልባቸው ንጹሕ የሆነ እግዚአብሔርን ያዩታል ተብሏል (ማቴዎስ 5፥8)፤ ዮሐንስ ግን እግዚአብሔርን ያየ ማንም የለም ይላል (1፥18)፤ ለሙሴም ፊቴን አይቶ የሚድን የለም ተብሎ ተነግሮታል። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ጎርጎርዮስ የሚያስታርቃቸው በዚችው በሉቃስ ቃል ነው። የነፍስን ነገር በብረት ይመስለዋል። የዛገ ብረት ምንም አያሳይም። ዝገቱ በመሳል ድንጋይ ሲላቀቅ ግን ያበራል፣ የፀሐይንም ብርሃን መልሶ ያሳያል። ሰው ልቡን ከክፋት ዝገት ሲያነጻ የአምላኩን መልክ በራሱ ውበት ውስጥ ያያል፤ ፀሐይን በመስተዋት እንደሚያይ ሰው።

ይህን ምሳሌ ሁለት ሦስት ጊዜ ባነበብኩት ቁጥር ጥንቃቄው ይገርመኛል። መስተዋት ውስጥ ያለችው ፀሐይ እውነተኛዋ ፀሐይ ናት፤ ብርሃኗ ከሌላ አልመጣም። መስተዋቱ ግን ፀሐይ አይደለም። ፊቱን ካዞረ ወዲያው ይጨልማል። «እግዚአብሔር በውስጤ ነው» በሚለውና «እኔ እግዚአብሔር ነኝ» በሚለው መካከል ያለው ርቀት በሙሉ በዚህ ምሳሌ ውስጥ አለ። ዛሬ በየመንገዱ የሚሸጡት መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚያጠፉት ይህን ርቀት ነው፤ መስተዋቱን ወስደው ራሱን በራሱ ያብራ ይሉታል።

ይህን መስመር መጠበቅ ለሊቃውንቱም ቀላል አልነበረም። ጀርመናዊው ሰባኪ ማይስተር ኤክሃርት በነፍስ ውስጥ ስላለ የማይጠፋ ብልጭታ ለተራው ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ይሰብክ ነበር። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1329 ጳጳሱ ዮሐንስ 22ኛ ከጽሑፎቹና ከስብከቶቹ 28 ዐረፍተ ነገሮችን አውጥቶ 17ቱን ኑፋቄ፣ 11ዱን አጠራጣሪ አላቸው። ዐረፍተ ነገሮቹ ከዐውዳቸው ተቆርጠው ነው የተፈረደበት የሚሉ አጥኚዎች ዛሬም አሉ። የጥቅስ ነገር እንዲህ ነው!

ሦስተኛው ለእኛ በጣም የቀረበው ማር ይስሐቅ ነው። በአብነት ትምህርት ቤቶች ከአራቱ ጉባኤያት አንዱ የመጻሕፍተ መነኮሳት ሲሆን፣ እዚያ ከሚተረጎሙት ሦስት መጻሕፍት አንዱ በስሙ ይጠራል፤ ሁለቱ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ይስሐቅ ማን ነበር ብንል የተወለደው በዛሬዋ ኳታር አካባቢ ነው፤ በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም የነነዌ ጳጳስ ተደርጎ ተሾመ። አምስት ወር ያህል ሠርቶ ሹመቱን ተወና ወደ ተራራ ወጣ። በስተርጅና ዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ ያነብ ነበር ይባላል። ሌላው የሚደንቀኝ ነገር ቤተ ክርስቲያኑ ሌሎቹ «ንስጥሮሳዊ» እያሉ የሚያወግዟት የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መሆኗ ነው። መጽሐፉ ግን ድንበሩን ሁሉ አልፎ ግሪኮቹም፣ ሩሲያውያኑም፣ ዓረብኛ ተናጋሪዎቹም፣ እኛም አነበብነው። ወደ ግእዝ የመጣው ከዓረብኛ ነው።

የይስሐቅ ትምህርት በዚህ ርዕስ ላይ እንዲህ ይሄዳል። በውስጥህ ወዳለው ግምጃ ቤት ለመግባት ትጋ፣ የሰማዩንም ግምጃ ቤት ታያለህ፤ ሁለቱ አንድ ናቸውና፤ ወደ መንግሥቱ የምትወጣበት መሰላልም በነፍስህ ውስጥ ተሰውሯል። እዚህ ድረስ የዘመኑ መጻሕፍትም አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ይስሐቅ ወደ ራስህ ጠልቀህ ስትገባ ከኃጢአትህ ሽሽ ነው የሚለው፤ የመውጫው ደረጃ የሚገኘው እዚያ ነው ይላል። ማለትም ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ብርሃን ሳይሆን የተዝረከረከ ቤት ነው። ቂሙ፣ ምቀኝነቱ፣ ልታይ ልታይ ማለቱ። ራሱን ማየት የቻለ ሰው መላእክትን ማየት ከቻለ ይበልጣል የሚል ትምህርትም አለው። የመንገዱ መጨረሻ ምን እንደሚመስል ሲጠየቅ ደግሞ የሚራራ ልብ ነው ይላል፤ ለሰው፣ ለወፍ፣ ለአውሬ፣ ለሚሳቡት፣ እንኳንስ ለሌላው ለአጋንንትም ሳይቀር የሚቃጠልና የሚያለቅስ ልብ። ሰላም ብቻ አላለም።

ይህን ሁሉ የማነሣው ለዕውቀት ያህል አይደለም። ባለፈው ዓመት በአንድ ዶርም 6 ልጆች ነበርን። ከመካከላችን አንዱ ከሆነ መጽሐፍ ላይ ጥሞና ተምሮ ጧትና ማታ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይቀመጥ ነበር። ቁም ነገረኛ ልጅ ነው፤ በሰው አይደርስም፣ አያጨስም፣ አይቀጥፍም። «እኔ አግኝቼዋለሁ፣ ከዚህ በኋላ የትም መሄድ አያስፈልገኝም» ይለን ነበር። በዚያው ሰሞን ከሱ በታች የሚተኛው ልጅ ታይፎይድ ይዞት አንድ ሌሊት ያንቀጠቅጠው ጀመር። ደጋግሞ ጠራው። ሌሎቻችን የነቃነው በጥሪው ነው። ሁለት ሆነን ደግፈን ወደ ክሊኒክ ስንወስደው ያ ልጅ እንደተከናነበ ነበር፤ አልተኛም። በነጋታው ብንጠይቀው «ሰላሜ እንዳይረበሽብኝ ብዬ ነው» አለን። ልጁን ላማው አይደለም ይህን የምጽፈው። ግን «ሰላሜ» የምትለዋ ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች። በይስሐቅ መለኪያ ብንለካው ያን ሌሊት ያገኘው ማንን ነው?

የዚያኑ ቀን ከወሎ የመጣው የዶርማችን ልጅ፣ ሙስሊም ነው፣ አንድ ነገር አለ። በእነሱም ዘንድ አላህ ለሰው ከአንገቱ ሥር ይልቅ ቅርብ መሆኑ በቁርኣን (50፥16) እንዳለ፣ ሱፊዎቹም ራስን ማወቅን ጌታን ከማወቅ ጋር እንደሚያያይዙ ነገረን። «አያቴ ግን ዚክር ላይ ቁጭ ብሎ እንግዳ ከመጣ ይነሣ ነበር» አለ። ይህችን እንደ ሰማኋት ከመዝገብ ሌላ ምንም አልጨምርባትም።

ጥቅሱ ከሃይማኖት ሰዎች እጅ ወጥቶም ሥራ ሠርቷል። ሩሲያዊው ሌፍ ቶልስቶይ ከዚችው ቁጥር ወስዶ «የእግዚአብሔር መንግሥት በውስጣችሁ ናት» የሚል ርዕስ ለመጽሐፉ ሰጠ። መጽሐፉ በአገሩ ሳንሱር ታግዶ እ.ኤ.አ. በ1894 በጀርመን ታተመ። ቶልስቶይ ከውስጥ ተነሥቶ የደረሰው ክፉን በክፉ አለመመለስ፣ ለመንግሥት ብሎ አለመግደል የሚል ዳር ላይ ነው። በደቡብ አፍሪካ ጠበቃ የነበረው ወጣቱ ጋንዲ አነበበው፤ በጣም እንደመሰጠውም በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። በመጨረሻም ሁለቱ ከ1909 እስከ 1910 ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። ቶልስቶይ በሌላ በሌላው ነገር የማልስማማበት ብዙ አለኝ (የወንጌልን ተአምራት ቆርጦ መጣሉ ለምሳሌ)፤ ነገር ግን «በውስጣችሁ» የሚለውን የብርድ ልብስ ውስጥ ነገር አላደረገውም።

ወደ ሉቃስ እንመለስ፤ የቀረ ዕዳ አለብንና። ለፈሪሳውያን እንዴት በውስጣችሁ ናት ይባላል ያልነውን ጥያቄ ቄርሎስ በፈቃድ መልሶታል። እኔ ግን ሉቃስ ራሱ የመለሰው ይመስለኛል፤ አንድ ገጽ ያህል ዝቅ ብሎ። ምዕራፍ 17 ላይ ጠያቂዎቹ ፈሪሳውያን ናቸው። ምዕራፍ 18 ከቁጥር 9 ጀምሮ ደግሞ ሁለት ሰዎች ሊጸልዩ ወደ መቅደስ ይወጣሉ፤ አንዱ ፈሪሳዊ ነው፣ ሁለተኛው ቀራጭ። መንግሥቱን እዚህ ነው እዚያ ነው ለሚል ሰው ቦታው ከመቅደስ ይበልጥ ትክክል ሊሆን አይችልም፤ ሁለቱም ደርሰዋል። የሚለያዩት ሲጸልዩ ነው።

ፈሪሳዊው እንዴት ጸለየ? ግሪኩ «ወደ ራሱ» ወይም «ለራሱ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል አነጋገር አለው፤ አማርኛችን «በልቡ» ብሎታል። ስለዚህ ሰውየው ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ችግሩ አለመግባቱ አይደለም። ገብቶ ያገኘው ግን ጾሙን፣ አሥራቱን፣ ከሌላው መሻሉን ነው፤ ጸሎቱ ከምስጋናው አንድ ቃል በቀር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ራሱ ነው። ዐይኑ ደግሞ ሾልኮ ውጪ ያለውን ቀራጭ ያያል፤ ሊንቀው። ቀራጩ በበኩሉ ሩቅ ቆሟል፣ ቀና ለማለት እንኳ አልደፈረም። የጸሎቱ ቃል በጣት የሚቆጠር ነው፤ የሚያገኘውንም አይዘረዝርም። እጁ ግን ደረቱ ላይ ነው፤ ይደቃዋል፤ ዘግቶ የተኛን ቤት እንደሚያንኳኳ ሰው። ጸድቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ የተባለው ይሄኛው ነው፤ ወደ ገዳም አልተባለም፣ ወደ ቤቱ፣ ቀረጥ ወደሚከፍሉት ጎረቤቶቹ መካከል።